ገልባጩ ለምን በእኛ ደጅ ያልፋል? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከባድ መኪና የሰፈራቸውን ሰላም የነሳቸው አንባቢዎች የላኩልንን ጥያቄዎች በዚህ እትም ሰብሰብ አድርገን እንመልሳለን። የመጨረሻው ጥያቄ የመጣው ከሾፌር ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መንገዳችን የሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገድ ነው። ከዓመት ወዲህ ግን ገልባጭና ተሳቢ ከጠዋት እስከ ማታ ይመላለስበታል። ፊርማ አሰባስበን አቤት ብንልም «ይታያል» ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘንም። ምን ብናደርግ ይሰማናል?

መልስ፦ ፊርማ ስንት ሰው እንደተማረረ ይናገራል፤ ስንት መኪና እንዳለፈ ግን አይናገርም። መንገዱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ሊሠራበት የሚችለው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ቁጠሩ።

ሁለት መደበኛ የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ምረጡ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት መቁጠር ይበቃል፤ የሚያስቸግራችሁ የሌሊቱ ከሆነ አንድ ሌሊት ጨምሩ። የበዓል ሰሞንን፣ ወይም ዋናው መንገድ ለጥገና የተዘጋበትን ሳምንት አትምረጡ፤ «ጊዜያዊ ነው» ተብሎ ልፋታችሁ ይቀራል። ከባድ መኪና የምትሉት የትኛውን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ የኋላ ጎማው ድርብ የሆነ ወይም ከሁለት በላይ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያያይዘው ዘንግ) ያለው። ፒክአፕና ሚኒባስ ከቀላቀላችሁበት ቁጥሩ ይጨምራል፣ እምነት የሚጥልበት ግን ይጠፋል። ለእያንዳንዱ መኪና ሰዓቱን፣ ዓይነቱን (ገልባጭ፣ ተሳቢ፣ ቦቴ፣ ሚክሰር)፣ የአክስሉን ብዛት፣ ጭኖ ይሁን ባዶውን፣ አቅጣጫውን፣ እንዲሁም የሰሌዳውን የመጨረሻ 3 አሃዞች መዝግቡ።

ዋናው መረጃ ያለው በእነዚያ 3 አሃዞች ላይ ነው። አንድ ሰው በመንገዱ መግቢያ፣ ሌላው በመውጫው ይቀመጥ፤ ሰዓታቸው እኩል ይሁን። ማታ ሁለቱን መዝገብ አስተያዩ። 800 ሜትር መንገድ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና 96 ሰከንድ ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ መግቢያው ላይ ታይቶ በ3 ወይም በ4 ደቂቃ ውስጥ መውጫው ላይ የተመዘገበው ሰፈሩ ውስጥ ጉዳይ የለውም፤ አላፊ ነው። ግማሽ ሰዓት የቆየው ደግሞ የሚያራግፈው ወይም የሚጭነው ነበረው። የሚበዙት አላፊዎቹ ከሆኑ መንገዱን ማጥበብ ወይም መከልከል ያዋጣል። የሚበዙት እዚያው የሚያራግፉ ከሆኑ ግን ክልከላው እነሱን አይነካም፤ ከተቀባዩ ጋር ስለ ሰዓትና ስለ መግቢያ መነጋገር ነው የሚሻለው። ይህ ሳይለይ የሚጻፍ አቤቱታ የሚያገኘው መልስ ያው «ይታያል» ነው።

ፍጥነትም ለካ ለካ አድርጉ። መንገዱ ዳር 50 ሜትር ተራርቀው ሁለት ምልክት አድርጉና በስልክ ሰዓት መያዣ ያዙ። ያንን ርቀት በ6 ሰከንድ የጨረሰ መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር፣ በ4 ሰከንድ የጨረሰ 45 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ከ50 ሜትር ባነሰ ርቀት ከለካችሁ የጣታችሁ መዘግየት ውጤቱን ያበላሸዋል።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ፈልጉ። ተሳቢ የሚነዳ ሰው ጠባብ መንገድ ወዶ አይመርጥም፤ የሚገፋው ነገር አለ። ዋናው መጋጠሚያ ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ተከልክሎ ይሆናል፤ መብራቱ ረጅም ወረፋ ያስይዝ ይሆናል፤ ከፊት ሚዛን ጣቢያ ወይም ዝቅ ያለ ድልድይ ይኖራል፤ አለዚያም የስልክ ካርታው ለቤት መኪና የሚያሳየውን አቋራጭ ለከባድ መኪናም እያሳየ ነው። ወረፋ በሚበዛበት ሰዓት በሁለቱም መንገድ ነድታችሁ ጊዜውን አወዳድሩ። በእናንተ በኩል መሄድ 6 ደቂቃ የሚያተርፍ ከሆነ ምልክት ብቻ ማንንም አይመልስም፤ የዋናው መንገድ መብራት ወይም መታጠፊያ መስተካከል አለበት። ምንም የማያተርፍ ከሆነ ግን ስህተቱ የካርታ ሊሆን ስለሚችል ፈውሱ ቀላል ነው።

ደብዳቤው ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፤ ለመንገዱ ባለቤት ይገባዋል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ የተካሄደው ትልቁ የመንገድ ሙከራ እንዳሳየው፣ በአስፋልት ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚያድገው በአክስሉ ጭነት አራተኛ ርቢ ገደማ ነው። 10 ቶን የተሸከመ አክስል 1 ቶን ከተሸከመው 10,000 እጥፍ ያህል ይጎዳል ማለት ነው። ለ10 ቶን የተፈቀደ አክስል 13 ቶን ሲጫንበት ደግሞ ጉዳቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ለቤት መኪና የተሠራ ስስ አስፋልት በዚህ ሥር ዕድሜው ምን ያህል እንደሚያጥር መሐንዲሱ ራሱ ያሰላዋል።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቻችን ገንዘብ አዋጥተው በራሳቸው ስፒድ ብሬከር ሊያሠሩ ነው። ልጆቻችን መንገድ ዳር ስለሚጫወቱ እኔም ደግፌያለሁ። ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኑረው? ስንትስ ይበቃል?

መልስ፦ እባክዎ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ያስቁሙት። ሐሳባቸው ቅን ነው፤ ግን ሲሚንቶ ተቦክቶ በግማሽ ሜትር ስፋትና በ15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ የሚቆለል ጉብታ ለከባድ መኪና መዶሻ ነው። ባዶ ገልባጭ ሲያልፍበት ሳጥኑና የኋላ መዝጊያው ይንጓጓል፤ የጫነው ደግሞ ሲወርድ መሬቱን ይመታል፣ ንዝረቱም ዳሩ ላይ ያለው ቤት ውስጥ ይገባል። ከዚህ በተረፈ አምቡላንስ ውስጥ የተኛ ሕመምተኛ አለ። ሌሊት የማይታይ ጉብታ ላይ የወደቀ ሞተረኛ ቢጎዳ ተጠያቂው ያሠራው ሰው ነው።

ደንበኛው ጉብታ ሌላ ነው። ክብ ጀርባ ያለው በመንገዱ አቅጣጫ 3.7 ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ይኖረዋል። አንዱን ብቻ መሥራት ብዙ ጥቅም የለውም፤ ሾፌሩ እዚያ ፍሬን ይዞ፣ ካለፈ በኋላ ነዳጅ ረግጦ ይነሣል፣ እርስዎ ሁለቱንም ድምፅ ይሰማሉ። ከ60 እስከ 100 ሜትር እየተራራቁ ተከታትለው ሲሠሩ ነው ፍጥነቱ ወጥ የሚሆነው። ዳርና ዳሩ ለጎርፍ መውረጃ ክፍት ይተዋል፤ አለበለዚያ ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃው ይተኛበትና ከሥሩ አስፋልቱን ይበላዋል። ኩርባ ላይ፣ ዳገት ላይ፣ ማንሆል አጠገብና መሬቱ ረግረግ በሆነበት አይሠራም። ቀለምና ምልክት ከጉብታው ጋር በአንድ ቀን ነው የሚሠሩት፤ «ቀለሙ በኋላ ይቀባል» አይባልም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኸውና፦ ጉብታ የሚገታው በተለይ ትንንሹን መኪና ነው። ለአምቡላንስና ለአውቶቡስ እንዲመች ተብሎ የሚሠራው ጠባቡ ዓይነት፣ ማለትም ከ1.6 እስከ 1.9 ሜትር ስፋት ያለው ትራስ መሰል ጉብታ፣ የትልቅ መኪና ጎማዎች ሰፋ ብለው ስለሚቀመጡ ብዙም ሳይነካቸው ያልፋሉ። ችግርዎ ከባድ መኪናው ከሆነ የሚያዋጣው ማጥበብ ነው።

የከባድ መኪና አካል ያለ መስታወቱ ወደ 2.5 ሜትር ይሰፋል፤ አብዛኛው የቤት መኪና ከነመስታወቱ ከ2.1 ሜትር አይበልጥም። ስለዚህ በሁለት ጠንካራ ምሰሶዎች መካከል ከ2.1 እስከ 2.2 ሜትር ክፍተት ከተተወ ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። ሥራው የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ ሰፊ አምቡላንስና ቆሻሻ አንሺ መኪና ይታገዳሉ፤ ስለዚህ ከጎን በቁልፍ የሚከፈት፣ ከ3.7 ሜትር ያላነሰ መተላለፊያ ይኑር፣ ቁልፉም በእሳት አደጋ መከላከያው እጅ ይሁን እንጂ በአንድ ጎረቤት ኪስ አይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ምልክቱ የሚተከለው ምሰሶው አጠገብ ብቻ ከሆነ ሾፌሩ የሚያየው ከገባ በኋላ ነው። አንድ ረጅም ተሳቢ ለመዞር በውጭ በኩል 12.5 ሜትር ያህል ራዲየስ ስለሚፈልግ በሰፈር መንገድ መዞር አይችልም፤ 300 ሜትር ወደኋላ እየነዳ ልጆች መሐል ይወጣል። የማስጠንቀቂያ ምልክቱ መተከል ያለበት መኪናው ሌላ መንገድ ሊይዝ በሚችልበት የመጨረሻው መጋጠሚያ ላይ ነው። ሦስተኛ፣ እናንተ ጋ ሲዘጋ መኪናው ወደሚቀጥለው ትይዩ መንገድ ይሄዳል። የሚቀጥለው መንገድም የሰው ደጅ ነው፤ ልጆች አሉበት። ስለዚህ በዋና መንገዶች የተከበበውን ሰፈር በሙሉ እንደ አንድ አድርጋችሁ ጠይቁ፤ ጎረቤት መንገዶችንም ከመጀመሪያው ስብሰባ ጥሩ።

መንገዱን ባለ አንድ አቅጣጫ ማድረግን ብዙዎች ይጠይቁናል። የሚመጣውን መኪና ቁጥር በአንድ ወገን ይቀንሳል፤ ሆኖም ከፊት የሚመጣ እንደሌለ ያወቀ ሾፌር ፍጥነት ስለሚጨምር ብቻውን አንመክረውም።

ጥያቄ፦ ገልባጭ ባለፈ ቁጥር ቤታችን ይንቀጠቀጣል፤ መስኮቱ ይንጋጋል። ሳሎን ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አይተናል። መኪናው ነው ያደረሰው ብለን መክሰስ እንችላለን?

መልስ፦ ከመክሰስ በፊት መለካት ይቀድማል፤ ሰው ንዝረት የሚሰማው ግድግዳ ከሚሰነጠቅበት መጠን እጅግ ዝቅ ብሎ ነውና። ንዝረት የሚለካው መሬቱ ወይም ግድግዳው በሰከንድ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚንቀሳቀስ ነው። በሰከንድ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ይሰማዋል። የጀርመን መለኪያ ለመኖሪያ ቤት መሠረት ዝቅተኛ በሆነው ድግግሞሽ የሚያስቀምጠው ወሰን በሰከንድ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእንግሊዙ በሰከንድ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈቅዳል። ስለዚህ መንቀጥቀጡ እውነት ነው፣ እንቅልፍም ይነሳል፤ ስንጥቁን ያመጣው ግን የመሬቱ መስመጥ፣ የጭቃ አፈር መድረቅና ማበጥ ወይም የጣራ ውሃ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ይለዩት። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ሰረዝ ያድርጉና ቀኑን ይጻፉበት። መሐሉ ላይ በሁለቱም በኩል አንዳንድ ነጥብ አድርገው ርቀታቸውን በካሊፐር (ጥቃቅን ርቀት በሚለካ መሣሪያ) ይለኩ፤ በወር አንዴ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ማስመሪያ አስጠግተው ፎቶ ያንሱ። በድርቅ ወቅት እየሰፋ በዝናብ የሚጠብ ስንጥቅ የአፈሩ ነው። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን በሰያፍ የሚወጣም ብዙውን ጊዜ የመሠረት መስመጥ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ከሆነ ምክንያቱን ለመለየት ሳይጠብቁ የሕንፃ መሐንዲስ ይጥሩ።

ንዝረቱን ራሱን ለመቀነስ ግን ክስም ሆነ ክልከላ ላያስፈልግ ይችላል። ደጃፍዎ ቆመው ድምፁ «ድም» የሚልበትን ቦታ በትክክል ይፈልጉ። ለስላሳ አስፋልት ላይ የሚሄድ ከባድ መኪና የሚያነሳው ንዝረት ጥቂት ነው፤ መሬቱን የሚመታው ጎማው ጉድጓድ፣ የሰመጠ የቱቦ ቁፋሮ ወይም የሚወዛወዝ የማንሆል ክዳን ሲያገኝ ነው። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በቂ ነው። እሱን ማስጠገን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አሠራሩን ግን ይከታተሉ። የጉድጓዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ በአራት ማዕዘን መቆረጥ፣ ልልው ሁሉ ወጥቶ መድረቅ፣ ታችና ጎኑ ሬንጅ መቀባት፣ ከዚያ ትኩስ አስፋልት ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር በሆነ ንብርብር እየተደለደለና እየተጠቀጠቀ መሞላት አለበት። ውሃ ባለበት ጉድጓድ ላይ አስፋልት ደፍቶ በአካፋ መምታት ወይም አፈር መሙላት ለጥቂት ሳምንት ነው። የማንሆል ክዳን የሚወዛወዝ ከሆነ ፍሬሙ ተነሥቶ በአዲስ ሞርታር ይቀመጣል። ጉድጓዱ ደጋግሞ እዚያው ቦታ የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ውሃ አለ፤ የጎርፍ መውረጃውን ይመልከቱ።

የመስኮቱ መንጋጋት ሌላ መንገድ አለው። ቆሞ ሞተሩ የሚሠራ መኪና መስኮቱን ካንጋጋው፣ ወለሉ ግን ጸጥ ካለ፣ የሚመጣው በአየር ነው። በደቂቃ 600 ዙር የሚሽከረከር ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ 30 ጊዜ ይተኩሳል፤ ይህ ወፍራም ድምፅ ልል መስታወትን ያናውጣል። መስታወቱን በስቱኮ ማጥበቅና ክፈፉን በጎማ ማሸግ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ከጎናችን ትልቅ ሕንፃ ሊጀመር ቁፋሮው ቀርቧል። ምን አስቀድመን እንጠይቅ?

መልስ፦ መጀመሪያ ስንት መኪና እንደሚመጣ አስሉ። 2,000 ሜትር ኩብ የሚቆፈር ከሆነ አፈር ሲወጣ ወደ 30 በመቶ ስለሚያብጥ 2,600 ይሆናል። በ16 ሜትር ኩብ ገልባጭ 163 ጭነት ነው፤ ባዶ መምጣቱ ሲቆጠር በደጃችሁ 326 ጊዜ ያልፋል። ቁፋሮው በ20 የሥራ ቀን ካለቀ በቀን 16 ጊዜ ያህል ነው። በ10 ቀን እንጨርስ ካሉ ደግሞ እጥፍ። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ስትገቡ ወሬው ይለወጣል።

ከሥራ ተቋራጩ የምትጠይቁት በጽሑፍ ይሁን፦ የመኪናው መግቢያና መውጫ መንገድ፤ ተማሪ የሚገባበትና የሚወጣበት ሰዓት ከጭነት ነጻ እንዲሆን፤ መኪኖቹ ከሰፈር ውጭ ቆመው አንድ በአንድ በስልክ እንዲጠሩ፤ በር ላይ ሰልፍ እንዳይኖር፤ ወደኋላ ሲነዱ ባንዲራ የያዘ ሰው እንዲቆም፤ ጭነት በሸራ እንዲሸፈን፤ ጎማ ሳይታጠብ እንዳይወጣ። የወደኋላ ማስጠንቀቂያው ጩኸት «ጢጥ ጢጥ» ከሚለው ይልቅ «ሽሽ ሽሽ» የሚለው ዓይነት እንዲሆን ጠይቁ፤ ከኋላው ላለ ሰው በደንብ ይሰማል፣ ራቅ ካለ ቤት ግን አይደርስም። ስሙና ስልኩ የሚታወቅ አንድ ኃላፊ ይኑር።

የኮንክሪት ቀን ለብቻው ነው። 120 ሜትር ኩብ የሚፈስበት ወለል 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሚክሰር 15 ጊዜ ይጠራል፣ መሐል ላይም አይቋረጥም፤ ከቆመ መጋጠሚያው ይደክማል። ስለዚህ ያን ቀን «በሰዓቱ አቁሙ» ማለት አያስኬድም፤ ቀኑ ቀደም ብሎ እንዲነገራችሁና ጠዋት በማለዳ እንዲጀመር ነው መስማማት ያለባችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያው ገልባጭ ሳይገባ አስፋልቱን፣ የእግረኛ መንገዱን፣ ዲቹንና አጥራችሁን ከተቋራጩ ተወካይ ጋር እየዞራችሁ ፎቶ አንሡ፤ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ሥራው ካለቀ በኋላ «ድሮም እንዲህ ነበር» የሚለውን ክርክር የሚዘጋው ይህ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ መንገዳችን ጠጠር ነው። አቧራው በላን።

መልስ፦ ፍጥነቱን በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ማውረድ ከሁሉም በላይ ይረዳል። ውሃ ከረጩ በካሬ ሜትር ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ይበቃል፤ 5 ሜትር ስፋትና 400 ሜትር ርዝመት ላለው መንገድ ከ1,000 እስከ 2,000 ሊትር ነው። በቀትር ፀሐይ በጥቂት ሰዓት ስለሚደርቅ ጠዋት አንዴ፣ ከሰዓት አንዴ ይረጫል። ከዚህ ማብዛት መንገዱን ጭቃ ያደርገዋል፤ ጭቃውን ጎማ ይዞት ይሄድና ሲደርቅ ብዙ አቧራ ይሆናል። እርጥበት የሚይዝ ካልሲየም ክሎራይድ ረዘም ላለ ጊዜ ይሠራል፤ ጉድጓድ ውሃ ወይም አትክልት አጠገብ ግን አይሁን።

ጥያቄ፦ «ከባድ መኪና ክልክል ነው» የሚል ምልክት ተተክሎልናል፤ የሚያከብረው የለም። ለምን?

መልስ፦ ምልክቱን ሄደው ያንብቡት። «ሰፈሩ ውስጥ ጉዳይ ላለው ይፈቀዳል» የሚል ካለበት ትራፊክ ፖሊስ ማንንም ለመቅጣት መኪናውን እስከ መጨረሻው መከተል አለበት፤ ይህን የሚያደርግበት ጊዜ የለውም። ክልከላው አንድ መንገድ ላይ ብቻ ከሆነ ሾፌሩ ሁሌም «እዚሁ ላራግፍ ነው» ይላል። መላው ሰፈር ክልል ሆኖ በሁሉም መግቢያ ላይ ሲተከል፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው የወጣን መኪና መያዝ ይቀላል። ለድልድይ የሚተከል የክብደት ወሰን ግን የተለየ ነው፤ እዚያ ለማንም ልዩ ፈቃድ የለም፣ ድልድዩ የጉዳይ ባለቤት አይለይምና።

ምልክቱ ካርታ ላይ መግባቱንም ያረጋግጡ። ኦፕን ስትሪት ማፕ ማንም ሰው ሊያስተካክለው የሚችል ካርታ ስለሆነ በምልክቱ ላይ ያለውን ቶን ልክ እንደተጻፈው ማስገባት ይቻላል። ያልተተከለ ክልከላ ግን እንዳያስገቡ፤ ሌሎች የካርታው አራሚዎች ያጠፉታል፣ የሰፈሩም ስም አብሮ ይጎዳል። በቆጠራው ላይ የአንድ ድርጅት ስም ደጋግሞ ከመጣ ሾፌሮቹን ከመጨቃጨቅ ስምሪት ክፍሉን ያነጋግሩ፤ መንገዱን የሚመርጠው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ድምፁን ለመቀነስ አጥር ላይ ዛፍ ብንተክል?

መልስ፦ ለጥላና ለዓይን ይትከሉ፤ ለድምፅ ግን አንድ ረድፍ ዛፍ የሚያደርገው የለም። ድምፅ የሚያቆመው ቀዳዳ የሌለው፣ በካሬ ሜትር ቢያንስ 10 ኪሎ የሚመዝንና ሞተሩን ከዓይን የሚሰውር ግንብ ነው፤ ሲሰውር ድምፁን 5 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ያህል ይቀንሳል። ፎቅ ላይ ያለው መስኮት መኪናውን የሚያይ ከሆነ ለእሱ አይረዳውም። በዝግታ በሚነዳበት መንገድ አንድ ከባድ መኪና እንደ 10 የቤት መኪና ያህል ድምፅ ስለሚያወጣ፣ የከባዱን ቁጥር መቀነስ ከማንኛውም አጥር ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኔ የገልባጭ ሾፌር ነኝ። የሥራ ቦታዬ ሰፈር ውስጥ ስለሆነ መግባት ግዴታዬ ነው። ሰዉ ይሰድበኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስለጠየቁን እናመሰግናለን። ሰው የሚቆጣባቸው ነገሮች አብዛኞቹ በእጅዎ ናቸው። ወረፋ ሲጠብቁ ሞተሩን ያጥፉ። ሰፈር ውስጥ በሞተር ፍሬን አይጠቀሙ፤ አስቀድመው ማርሽ ቀንሰው በዝግታ ይግቡ። ጭቃ ሳጥኑ ላይ ሲጣበቅ መዝጊያውን እያንጓጉ ከማራገፍ በአካፋ ያስወጡት። ባዶ ሲመለሱ ፍጥነት አይጨምሩ፤ ሳጥኑ በጣም የሚንጓጓው ባዶውን ነው።

ሲታጠፉ የኋላው ጎማ የፊተኛውን መንገድ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። ጥጉ ላይ የቆመ ልጅ ወይም ብስክሌተኛ የሚጎዳው በዚህ ነው። ስለዚህ ከመታጠፍዎ በፊት ጥጉ ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በመታጠፉ ጊዜም ዓይንዎን ከዚያ ጎን መስታወት አያንሱ። ከጋቢናው ፊት ለፊት በቅርብ ያለ ትንሽ ልጅም ከወንበርዎ አይታይም፤ ቆመው ከነበረ ከመነሣትዎ በፊት ረዳቱ ወርዶ የመኪናውን ፊት ለፊት ይይ። የአየር ፍሬን እግርዎ ከረገጠ በኋላ እስኪይዝ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያ ብቻ 4 ሜትር ነው።

ወደኋላ ሲነዱ ረዳቱ የሚቆመው በእርስዎ ጎን፣ በመስታወት በሚታይበት ቦታ ነው እንጂ ከመኪናው ጀርባ አይደለም። የእጅ ምልክቶቹን ከሥራ በፊት ተስማሙ። ከመስታወት ከጠፋ ወዲያው ይቁሙ፤ ተመልሶ እስኪታይ ድረስ በድምፅ ብቻ «ና፣ ና» ቢልዎ እንኳ አይንቀሳቀሱ።